ውድ ዘይት ወይስ ቶሎ ቶሎ መቀየር?

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ ውስጥ በቤንዚን በሚሠራ አሮጌ ኮሮላ የኮንትራት ታክሲ ሥራ እሠራለሁ። እስካሁን ጋራዡ እንደመከረኝ ሚኒራል ዘይት እየሞላሁ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ስቀይር ቆይቻለሁ። አራት ሊትሩን የምገዛው በ2,800 ብር ሲሆን፣ ለፊልትሮና ለእጅ ዋጋ ደግሞ 1,000 ብር እጨምራለሁ። በቅርቡ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ «ሙሉ ሲንቴቲኩን በ7,000 ብር ግዛና 10,000 ኪሎ ሜትር ሳታስብ ንዳ» አለኝ። ውዱን መግዛቱ ያዋጣኛል ወይስ ርካሹን ቶሎ ቶሎ መቀየሩ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሚኒራል ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ፣ ሲንቴቲክ ደግሞ በፋብሪካ በኬሚካል ሂደት የሚዘጋጅ ዘይት ነው። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስንት ብር እንደሚያስወጣዎት ነው። አሁን በአንድ ቅያሪ 3,800 ብር አውጥተው 3,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄዱ፣ በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ27 ሳንቲም ገደማ ይከፍላሉ። ሲንቴቲኩ ነጋዴው እንዳለው በእርግጥ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል 8,000 ብሩ ተካፍሎ 80 ሳንቲም ይሆናል፤ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ሲንቴቲኩን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያንኑ ሚኒራል ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢቀይሩት ወጪዎ ወደ 76 ሳንቲም ይወርዳል፤ ሲንቴቲኩን በ5,000 ለመቀየር ቢገደዱ ግን 1 ብር ከ60 ሳንቲም ይደርሳል። እንግዲህ ትርፍና ኪሳራውን የሚወስነው ዘይቱ በእርስዎ መኪና ውስጥ፣ በእርስዎ ሥራ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ይቆያል የሚለው ነው።

ዘይት አገልግሎቱን የሚጨርሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይወፍራል፣ ይተናል፣ በሞተሩ ውስጥም እንደ ሙጫ ያለ ቅሪት ይተዋል። ሲንቴቲክ ዘይት ዋጋውን የሚያስከብረው በዚህ በኩል ነው፤ ከሚኒራሉ ይልቅ ከፍተኛ ሙቀትን ለረዥም ጊዜ ይቋቋማል። ሁለተኛው ምክንያት ከውጭ የሚገባው ቆሻሻ ነው። ሳይቃጠል በፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች) በኩል ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) የሚወርደው ቤንዚን፣ ከቃጠሎው የሚመጣው ውኃና አሲድ፣ ከአየር ጋር የሚሳበው አቧራ፣ ሁሉም የሚቀላቀሉት ርካሽና ውድ ሳይለዩ ነው። አሲዱን እንዲያከሽፍና ጥቀርሻውን በትኖ እንዲይዝ በዘይቱ ላይ የሚጨመረው ቅመም ደግሞ መጠኑ የተወሰነ በመሆኑ አንድ ቀን ያልቃል። ፊልትሮውም ቢሆን የሚይዘው ጠጣሩን ብቻ ነው፤ አሲድም ቤንዚንም አልፈውት ይሄዳሉ።

የእርስዎ ሥራ ዘይቱን በብዛት የሚጎዳው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። የከተማ ታክሲ አጫጭር ጉዞ ይሠራል፣ ባጃጁና ሚኒባሱ በተጨናነቀበት መንገድ ላይ ሞተሩ እየሠራ ይቆማል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ይህን አይመዘግብም። በሰዓት በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 250 ሰዓት ሲሠራ፣ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ90 የሚነዳው ግን ያንኑ ርቀት 56 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ቆጣሪው እኩል ያሳያል፤ የሞተሮቹ ድካም ግን ጨርሶ አይገናኝም። በዚህ ላይ የአዳማን ነፋስና የበጋ አቧራ ይጨምሩበት። የመኪና አምራቾችም በመመሪያ መጽሐፎቻቸው ውስጥ አቧራማ መንገድን፣ አጭር ጉዞንና ቆሞ መሥራትን «ከባድ አገልግሎት» ብለው በመመደብ የቅያሪው ጊዜ እንዲያጥር ያዛሉ፤ ብዙዎቹም ርቀቱን በግማሽ ይቀንሱታል። ነጋዴው የነገሩዎት 10,000 ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚሆን አይደለም።

ስለዚህ ሞተርዎ ጤነኛ ከሆነና መመሪያው ሲንቴቲክ ብቻ ይሁን ካላለ፣ የእኛ ምክር ደረጃውን የጠበቀ ሚኒራል ወይም ከፊል ሲንቴቲክ ዘይት ሞልተው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው እንዲቀይሩ ነው። በየ3,000 መቀየሩ ሞተሩን አይጎዳውም፤ በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ግን ከ15,000 ብር በላይ ልዩነት ስላለው፣ ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል። በተለይ የአየር ፊልትሮውን አደራ እንላለን። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩት፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይቀይሩት። በኮምፕረሰር የሚያስነፉትም ከሆነ ነፋሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፤ ከውጭ የተነፋ አቧራ ወደ ወረቀቱ ጠልቆ ይገባል፣ በነፋሱ ግፊት የተቀደደ ወረቀት ደግሞ አሸዋውን በቀጥታ ለሲሊንደሩ ያቀብለዋል። በዚህ መንገድ የሚገባ አሸዋ ፋሻውን ሲበላው የትኛውም ውድ ዘይት አያስጥለውም።

ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር የሚጨምሩ ሰው ሲንቴቲክ ቢገዙ ውዱን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ማቃጠል ይሆንባቸዋል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ የዘይት መለኪያ ዘንጉን በየሳምንቱ ይመልከቱ። ደረጃው ከቀነሰ ይሙሉ፤ ምንም ሳይጨምሩ ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ኪሎ ሜትሩን ሳይጠብቁ ይቀይሩና ነዳጁ ከየት እንደሚገባ ያስመርምሩ።

በየቀኑ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሶ ለሚመለስ፣ ቱርቦ ላለው፣ ወይም መመሪያው ቀጭን ሲንቴቲክ ለሚያዝለት አዲስ መኪና የምንሰጠው መልስ ሌላ ነበር፤ ለእነዚያ ሲንቴቲኩ ያዋጣል።

ሲገዙ ከዋጋው በፊት ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ኤፒአይ (API፣ የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ምህጻረ ቃል) ከሚለው ቀጥሎ ለቤንዚን ሞተር በ«ኤስ» የሚጀምር ምልክት አለ፤ ተከታዩ ፊደል ወደ ኋለኞቹ በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ2010፣ ኤስፒ ደግሞ የ2020 ደረጃ ሲሆን፣ ኤስኤፍ የሚል ዘይት ከ1988 በኋላ ለተሠሩት ለአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም። ውፍረቱን በተመለከተ፣ ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ስለሚያመለክት፣ ውርጭ ብርቅ በሆነበት በአዳማ እጅግ ዝቅተኛ ቁጥር ፍለጋ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግዎትም። መመሪያው ለሙቅ አየር 15ደብልዩ-40 የሚፈቅድ ከሆነ እርሱው ይበቃል። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ጣሳ ተመልሶ ሊሞላ ስለሚችል ማሸጊያውን አጥብቀው ይመርምሩ፤ ባዶውንም ጋራዥ ከመተው በፊት ይብሱት።

ጥያቄ፦ ከአዳማ መተሐራ በናፍጣ ፒክአፕ ጭነት አመላልሳለሁ። አዲስ ዘይት ሞልቼ በጥቂት ቀን ውስጥ ጥቁር ይሆንብኛል። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ ጥቁረቱ ብቻውን የሚያሳስብ አይደለም። የናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ስለሚያመነጭ፣ ጥሩ ዘይት ያንን ጥቀርሻ በትኖ ሲሸከም ቶሎ ይጠቁራል፤ ብዙ ከተነዳ በኋላ እንኳ ንጹሕ ሆኖ የቀረ የናፍጣ ዘይት ይበልጥ ሊያጠራጥርዎት ይገባል። ሞተሩ እንደሞቀ ከመለኪያ ዘንጉ አንድ ጠብታ ነጭ መምጠጫ ወረቀት ላይ ጣል አድርገው ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። ጠብታው እስከ ዳር ድረስ ወጥ በሆነ ግራጫ ከተሰራጨ ዘይቱ ገና እየሠራ ነው። መሀሉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ነጥብ ቀርቶ ዙሪያው ንጹሕ ቀለበት ከሆነ ግን ጥቀርሻውን የሚበትነው ቅመም አልቋልና በዚያው ሳምንት ይቀይሩት፤ በጣሳው ላይም ለናፍጣ ሞተር የሚሰጠው በ«ሲ» የሚጀምር ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ።