ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» በኋላ

ይድረስ ለወጣት ነርሶች፤

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት የጡት ካንሰር ወደ አጥንታቸው የዘለቀባቸው አንዲት እናት አስታምም ነበር። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። እኔም ካርዳቸው ላይ «ሕመም የለም» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ልጃቸው ኮሪደር ድረስ ተከትላኝ መጣችና፣ እናቷ ሌሎቹን በሽተኞች ላለመቀስቀስ ነጠላቸውን ነክሰው እንደሚያነጉ ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ካርዱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፌ አሁንም ይታየኛል።

በእኛ አገር «እግዚአብሔር ይመስገን» ሰላምታ ነው፤ ስለ ሕመም የሚናገረው ነገር የለም። ከእርሱ በኋላ የምትጠይቁት ይኑራችሁ። ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? በየትኛው ጎንዎ ተኙ? ነጠላዎን ራስዎ ለበሱ? ድሮ ያደርጉት የነበረ፣ አሁን የተዉት ነገር ምንድን ነው? ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ታወጣለች።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ስህተት ይጠብቃችኋል፦ «ሲያምዎት ይውሰዱ» ማለት። ለብርቱ ሕመም የሚታዘዘው ማስታገሻ፣ የሚጠጣው ሞርፊን፣ ጉልበቱ አራት ሰዓት ያህል ነው። እስኪያማቸው ከጠበቁ ሁልጊዜ ሕመሙ ይቀድማል፤ መድኃኒቱ ከኋላ ሲያሯሩጥ ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ባወጣው መመሪያ ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጥ ያለው ለዚህ ነው። ከዚያ ቀደም ብላ ይህን አሠራር ያስፋፋችው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ሐኪም ከመሆኗ በፊት ነርስ ነበረች፤ ይህን ሳስብ ትንሽ እኮራለሁ። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለማስታወስ ይቀላል፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 12፣ ከምሽቱ 4። ሐኪሙ የመጨረሻውን መጠን እጥፍ አድርጎ ካዘዘው የሌሊቱ 8 ሰዓት ይታለፋል፤ ቤተሰቡም ይተኛል።

«ሱስ ይሆንባታል» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አትቆጡት፤ በአብዛኛው የሚወድ ሰው ነው። ለሕመም ተለክቶ፣ ከትንሽ ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚጨመር ሞርፊን ሱሰኛ የማድረጉ ነገር እምብዛም እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። በጾም ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልወስድም የሚሉ ካሉ ክርክሩ የእናንተ አይደለም፤ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። እኔ የለፋሁበትን ካህኑ በሁለት ቃል ሲጨርሱት አይቻለሁ።

ሞርፊኑ የሚያመጣው ማቅለሽለሽና ድብታ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። የሆድ ድርቀቱን ግን ሰውነት አይለምደውም። ማለስለሻው፣ ቢሳኮዲልም ይሁን ሌላ፣ ሞርፊኑ በተጀመረበት ቀን ይጀመር። ስንቱ በድርቀት ተሰቃይቶ ሞርፊኑን በድብቅ አቁሟል! እንደ ልጃቸው ለሚያዩት ወጣት ነርስ ደግሞ ይህን ደፍረው አይነግሩም፤ እናንተ ጠይቁ።

ትንፋሽ ሲያጥራቸው በትራስ ደግፋችሁ አስቀምጧቸው፣ ፊታቸው ላይ አየር ይንፈስ። መስኮት ለመክፈት «ንፋስ ይመታታል» ከሚሉ አክስት ጋር መጣላታችሁ አይቀርም። እኔ በዚህ አንድም ጊዜ ሙሉ በሙሉ አሸንፌ አላውቅም፤ በግማሽ መስኮት ተስማምተን እንለያያለን። በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ በግድ የሚጎረስ ጉርሻ አለ። ያን ጊዜ ለቤተሰቡ ሌላ ሥራ ስጡ፤ ከንፈርና አፍ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማርጠብ እጃቸው ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ ዝም የሚባልበት ሽታ ነው። በኋላ ቤት ለቤት ስዞር ያገኘኋቸው አንዲት ሌላ እናት ጡታቸው ላይ ያለው ቁስል ፈንድቶ ነበር። ቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ ዕጣን ያጨሳል፤ እሳቸውም ለምን እንደሚጨስ ያውቃሉ። ምን እንደተዉ ስጠይቃቸው «ቡና» አሉኝ። ከጎረቤት ጋር መጠጣቱን ማለታቸው ነው፤ ሰው እንዳይቀርባቸው ራሳቸው በሩን ዘግተዋል። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ አጥበን፣ ሽታ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች የሚገድለውን የሜትሮኒዳዞል ክኒን አድቅቀን እንነሰንስበት ጀመር። ቁስሉ አልዳነም፤ የሚድንም አልነበረም። ሽታው ግን በሳምንት ውስጥ በጣም ቀነሰ።

በሌላ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረስኩ። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ሦስት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል፣ ጀበናው ቶና ላይ ነው። ልጄ፣ ተቀመጪ፣ በረካ ሳትጠጪ አትሄጂም አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና ልጃቸውን ጠሩ፦ «ሽሮፔን አምጪልኝ፤ ደርሷል።»