ወተት ቤት ልከፍት ነው ላለችው እህታችን

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቤት ተከራይተሻል። ከገራዶ ከሚመጡ ሴቶችና እዚሁ ከተማ ውስጥ ላም ካላቸው ሰዎች ወተት ተቀብለሽ ልትሸጪ ነው፤ የተረፈውን ደግሞ ኮምቦልቻ ላሉ ካፌዎች ትልኪያለሽ። የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው፦ የሚቆጣጠረኝ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ሲመጡ ምን ያያሉ? ላክቶሜትር (የወተት መለኪያ) ብገዛ ይበቃኛል ወይ? እኔ እዚሁ ደሴ ወተት እየተቀበልኩ ሳከፋፍል ዓመታት አልፈዋል። የማውቀውን እነግርሻለሁ፤ ረዘም ይላልና ታገሺኝ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ አይደለም። ቤቱንና ሠራተኛውን የሚያየው የጤናው ወገን ነው፤ የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥሽም እሱ ነው። ንግድ ፈቃዱ ከንግዱ ወገን ነው። ላሟን፣ በሽታዋንና የምትወጋውን መድኃኒት የሚመለከተው ደግሞ ግብርናው፣ ማለትም የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ከጤናው ጀምሪ። የቢሮዎቹ ስም መዋቅር በተሠራ ቁጥር ስለሚቀያየር ስሙን አትያዢ፤ «የምግብ ቁጥጥር ባለሙያ ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ደግሞ ቤቱን ከማሳደስሽ በፊት ባለሙያውን ለምነሽ አሳዪው። ግድግዳውን ቀብተሽ ከጨረስሽ በኋላ «ይሄ በውሃ የሚታጠብ መሆን አለበት» ሲሉሽ ሁለት ጊዜ ነው የምታወጪው።

ሕጉን ከፈለግሽ ዋናው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። የተበረዘ፣ የተበላሸ ምግብ መሸጥ ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪው ገብቶ ማየትና ናሙና መውሰድ ይችላል። «ሲያመጡልኝ እንደዚሁ ነበር» የሚል መልስ ብዙም አያዋጣሽም። የሸጥሽው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ሲመጡ የሚያዩት ቤቱን ነው። ወለሉ ይታጠባል ወይ፣ ውሃ አለ ወይ፣ እጅ መታጠቢያና መጸዳጃ የት ነው፣ ፍሪጁ ይሠራል ወይ፣ ዝንብ አለ ወይ። ሠራተኛዋ ጋዋን ለብሳለች ወይ፣ ፀጉሯን ሸፍናለች ወይ፣ የጤና ምርመራ ካርዷ ጊዜው አልፏል ወይ። (ጋዋኑን በተመለከተ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ከርሞ ተቆጣጣሪ ሲታይ ብቻ የሚለበስ ጋዋን በየቤቱ አለ። እነሱም ያውቁታል። እጥፋቱ ሳይቀር ይናገራል።)

እነዚህን ሁሉ አሟዪ፤ ከባድ ነገር የለውም። ግን ወተቱ ራሱስ? እዚህ ጋ ነው ጣጣው። ሥጋን ተመልከቺ። በሬው ቄራ ይገባል፤ ሳይታረድም ከታረደም በኋላ ባለሙያ ያየዋል፤ ማህተም ይመታበታል። ወተት ቄራ የለውም። ከላሟ ጡት ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ አንቺ ቤት፣ ከአንቺ ወደ ሕፃን ጡጦ ሊሄድ ይችላል፤ በመሀል ማህተም የሚመታ የለም። ሰዓቱም አይመችም። ወተት የምንቀበለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ነው። ቢሮ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለሙያው ፎርሙን ይዞ ሲመጣ የስምንት ሰው ወተት አንድ ላይ ተቀላቅሎ፣ ግማሹ ተሽጦ አልቋል። በዚያ ላይ አንድ ባለሙያ ሆቴሉንም፣ ሥጋ ቤቱንም፣ ዳቦ ቤቱንም የሚዞር ነው። አልፈርድበትም። ስለዚህ ከ12 እስከ አንድ ተኩል በር ላይ የቆመ ሰው ነው የወተቱ ተቆጣጣሪ። ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ ወይ ረዳትሽ።

ላክቶሜትር ይበቃል ወይ ላልሽው፣ አይበቃም። ግን ሳትገዢ እንዳትከፍቺ።

ላክቶሜትር የሚነግርሽ ወተቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። ንጹህ የላም ወተት በአብዛኛው ከ28 እስከ 32 ያነባል፤ አንድ ሊትሩ ከ1,028 እስከ 1,032 ግራም ይመዝናል እንደማለት ነው። ውሃ ሲገባበት ቁጥሩ ይወርዳል። ብዙ ሰው ግን የወተቱን ሙቀት ሳያይ ነው የሚፈርደው። መሣሪያው በስንት ዲግሪ እንደተሠራ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 20 ነው። ወተቱ ከዚያ በላይ ከሞቀ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ገደማ ትጨምሪበታለሽ። በ25 ዲግሪ 27 ያነበበ ወተት እውነተኛ ቁጥሩ 28 ነው። ገና ከጡት የወጣ ወተት ግን በስሌትም እምብዛም አይቃናም፤ አረፋውም ያሳስታል።

ጎረቤታችን ያሉ አንድ እናት አልበው ወዲያው ነበር የሚያመጡት፤ ጣሳው እጅ ያሞቃል። አንድ ጠዋት ረዳቴ ላክቶሜትሩን ከተተችው፤ 25። «እማማ፣ ይሄ ውሃ አለበት» አለቻቸው። ሰው ተሰልፏል። እሳቸው ሻርፓቸውን አጥብቀው «ወላሂ ጠብታ የለበትም፤ ከፈለግሽ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አሉና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ጣሳውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነከርነው። ሲበርድና አረፋው ሲሞት 29 አነበበ። ረዳቴ ይቅርታ ጠየቀች፤ እሳቸው ግን እስኪበቃቸው ተቆጥተው ነው የሄዱት። ቴርሞሜትር አብረሽ ግዢ። ደሴ ላይ ሰውን ውሃ ጨመርሽ ማለት ቀላል ስድብ አይደለም።

ከውሃው ይልቅ የሚከፋው ቅባቱን ገፎ መሸጥ ነው። ማታ የታለበ ወተት ሲያድር ቅባቱ ላዩ ላይ ይሰፍፋል። ያን አንስቶ ለቅቤ የሚያስቀር አለ። ቅባት ቀላል ስለሆነ ሲወጣ ላክቶሜትሩ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ትንሽ ውሃ ሲጨመርበት ቁጥሩ ተመልሶ 29 ወይ 30 ላይ ያርፋል። ቁጥሩ ያምራል፣ ወተቱ ባዶ ነው። ሿሿ ማለት ይቺ ናት! የምትጠረጥሪው ሰው ካለ ከወተቱ በብርጭቆ ቀድተሽ፣ ስሙን ጽፈሽ፣ ሳትነካኪው እስከ ማግሥቱ አሳድሪው። ከሌሎቹ ጋር ደርድረሽ ስታዪው የቅባቱ መስመር ይለያል። ዱቄት ጨምሮ ለማወፈር የሚሞክር ካለ ደግሞ ጥቂት ወተት አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ አዮዲን ጠብ አድርጊበት። ወደ ሰማያዊ ከዞረ ዱቄት አለ።

ቀጥሎ የአልኮል ምርመራ። እኩል መጠን ወተትና 68 በመቶ አልኮል ትቀላቅያለሽ፤ ፍርፍር ካለ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል፣ ወይ እንገር ገብቶበታል፣ ወይ የላሟ ጡት ታሟል። ከመድኃኒት ቤት የምታገኚው 70 በመቶ ከሆነ ለ100 ሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሪበት። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። አልኮል ባይኖርሽ ከእያንዳንዱ ጀሪካን ትንሽ ቀድተሽ አፍልተሽ እዪ። ሲፈላ ከተቋጠረ መልሺው።

ይቺ ምርመራ በተለይ ለኮምቦልቻው ሥራሽ ነው የምታስፈልግሽ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ጠዋት እዚህ በብርድ ደህና የነበረ ወተት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሚኒባስ ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው፣ ካፌው ማሽን ላይ ሲደርስ ይቆራረጣል። ካፌው አንቺን ነው የሚረግመው። ከላክሽ በጠዋት፣ ቀዝቅዞ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን። የማታ ወተት ከጠዋት ጋር ቀላቅለሽ አትላኪ።

ዕቃውም ነገር አለው። ቢጫው የዘይት ጀሪካን አፉ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባም፤ ታጠበ ቢባልም ውስጡ ዘወር ሲል የቆየ ወተት ይዞ ይቀራል። አፉን አሽትቺው። ሃይላንድም ያው ነው። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ይሻላል። እናቶቻችን በወይራ የሚያጥኑት ለሽታ ብቻ አይደለም፣ ጭሱ ተሕዋስያንን ያዳክማል፤ ግን ሳይታጠብ የታጠነ ዕቃ ያው ቆሻሻ ነው።

አሁን ደግሞ በር ላይ ቆመሽ በምንም የማታገኚው አለ። አንደኛው የመድኃኒት ቅሪት ነው። ላሟ ጡቷ ታሞ አንቲባዮቲክ ከተወጋች፣ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ወተቷ አይሸጥም። ማፍላት አያጠፋውም። አንድ ምልክት ልንገርሽ፦ እርጎ ለማድረግ ያስቀመጥሽው ወተት ያለ ምክንያት አልረጋ ካለ ጠርጥሪ፤ መድኃኒቱ የሚያረጋውንም ተሕዋስ ይገድላል። ሁለተኛው ላም የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ነው። ጽንስ ያስወረደች ላም ያለችበት ቤት ወተት አትቀበዪ፣ ባለቤቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ላኪው። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ የደም ናሙናውን ሐኪሙ ይልከዋል። ብሩሴሎሲስ ሰው ላይ ሲመጣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ታይፎይድ ነው እየተባለ ሰው ስንት ጊዜ መድኃኒት ይውጣል። ደግነቱ ሁለቱንም እሳት ይገድላቸዋል። በፓስተር ደንብ 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ይበቃል፤ ቤት ውስጥ ገንፍሎ መፍላቱ ከዚያ ያልፋል። «ጥሬው ነው ጤና» የሚሉ ደንበኞች ይመጡብሻል። እኔ «አፍልተው ይጠጡ» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፌያለሁ፤ ከነሱ ጋር መከራከሩን ትቻለሁ።

ሦስተኛው አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ነው። የሻገተ መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው)፣ ላሟ ስትበላው መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ሁሉም ላይ አግኝቶታል፤ ከአሥሩ ከዘጠኝ የሚበልጡት የአውሮፓን ገደብ ያለፉ ነበሩ። እሱንም እሳት አያጠፋውም። ደሴ ክረምቱ ጉምና እርጥበት ነው፤ ፋጉሎ መሬት ላይ ከተቀመጠ ይሻግታል። አቅራቢዎችሽ ቤት አንድ ቀን ሂጂ፤ ቡና ያፈሉልሻል፣ አንቺም መኖ የሚያስቀምጡበትን ታያለሽ።

ወተቱ የሚበላሸውም የሚበረዘውም በጾም ነው፤ ይሄን ማንም አይነግርሽም። ሁዳዴ ሲገባ ግማሹ ደንበኛሽ ይጠፋል፣ ወተት ይተርፋል፣ የትናንቱ ከዛሬው እየተቀላቀለ ይመጣል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ለማፍጠሪያ ፈላጊው ይበዛል፤ ያኔ ውሃው ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ ጠዋት የሚገዛ የለም፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ግርግር። በእንዲህ ያለ ሰሞን ምርመራውን አጥብቂ፤ የማታ ወተትም ከፈላጊው በላይ አትቀበዪ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍሪጅ ቁም ሳጥን ነው።

አንድ ደብተር ያዢ። ቀን፣ ስም፣ ሊትር፣ የላክቶሜትር ቁጥር፣ ሙቀት፣ አልኮሉን አለፈ ወይ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከጋዋኑ በፊት እሱን አሳዪው፤ አቅራቢዋም ስትቆጣ የሷን መስመር አንብቢላት። ወተት ስትመልሺ ሰው ፊት አትናገሪ፤ ወደ ጓዳ ጠርተሽ አሳዪያት፣ ደግማ ትለካው። ጥሩ ለሚያመጣ ሳንቲምም ቢሆን ጨምሪ። እኔ ከጨመርኩ ወዲህ ከገራዶ የሚመጡት ራሳቸው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ የአንዷ ወተት ቀጥኖ ከመጣ ከኔ በፊት እነሱ ናቸው «ምን ሆነሽ ነው?» የሚሏት።