ከፍታው የሚለካው ከቆምክበት ነው

ወንድሜ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ለካርታ ሥራ ድሮንህን በ100 ሜትር ስታበር ላይኛው ጫፍ ላይ የባሕር ዛፉን አናት ሊነካ ምንም እንዳልቀረው፣ ካርታውም እዚያው ላይ እየተበሳሳ እንደሚወጣ ጽፈሃል። «150 ባደርገውስ?» ለሚለው ጥያቄህ መልሴ አይሆንም ነው።

የምትሞላው 100 ሜትር የሚቆጠረው ድሮኑ ከተነሳበት ነጥብ ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ሽቅብ ይውጣ ቁልቁል ይውረድ ጉዳዩ አይደለም። ከታች ከመንገዱ ዳር ተነሥተህ መሬቱ 70 ሜትር ከፍ ካለ፣ ላይ ስትደርስ የቀረህ 30 ሜትር ብቻ ነው። ይህንን ያደገ ባሕር ዛፍ ብቻውን ይጨርሰዋል። ቀዳዳዎቹም ከዚሁ የመጡ ናቸው፦ በ100 ሜትር 75 በመቶ እንዲደራረቡ የታቀዱ ፎቶዎች ከመሬት ያላቸው ርቀት ወደ 50 ሜትር ሲወርድ መደራረባቸው 50 በመቶ ብቻ ይሆናል። ወደ 150 ብትወጣ ዛፉን ታመልጣለህ፤ ታችኛው ሜዳ ግን ዝርዝሩ ይደበዝዛል፣ በፈቃድህ ላይ የተወሰነ ከፍታ ካለም ታልፈዋለህ።

እኔ መነሻዬን ላይኛው ጫፍ ላይ አደርጋለሁ። ያኔ የሞላሁት ቁጥር ትንሹ ርቀት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ይርቃል እንጂ አይቀርብም። ቁልቁለቱ ረጅም ከሆነ ቦታውን ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍዬ ለእያንዳንዱ ክፍል ሌላ መነሻ እመርጣለሁ። የበረራ መስመሮቹንም ገበሬ ተዳፋት እንደሚያርሰው አግድም አስኬዳለሁ፤ ሽቅብ ቁልቁል ማመላለስ ባትሪ ይበላል። በእንጦጦ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ ያለዚያም ቢሆን በቂ ጭነት አለበት።

አንዳንዶች «መሬቱን ተከትሎ እንዲበር አድርገው» ብለውሃል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን የሚከተለው እውነተኛውን መሬት ሳይሆን የተጫነለትን የከፍታ መረጃ ነው። በነጻ የሚገኘውና ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ኤስአርቲኤም (SRTM) የተባለው የከፍታ መረጃ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ነው፤ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ያህል መሬት ይወክላል። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ዙሪያ ስንት የድንጋይ ካባ ተቆፈረ፣ ስንት ፎቅ ተሠራ! ባሕር ዛፉም ተቆርጦ ስንቴ አቆጠቆጠ! ጠባብ የወንዝ ገደል ደግሞ በ30 ሜትር ነጥብ ውስጥ ተድበስብሶ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው ዝቅ ብሎ መብረርን ከጠየቀ፣ መጀመሪያ ከፍ ብለህ ደኅና በሆነ ርቀት አንድ በረራ አድርግ፤ ከዚያ ከራስህ ፎቶዎች ዛፉንና ጣሪያውን ያካተተ የከፍታ ሞዴል አውጣና ለሁለተኛው በረራ እሱን ጫን። ከመጫንህ በፊት ግን ሞዴሉ ከፍታን የሚለካው ከባሕር ጠለል ይሁን ከኤሊፕሶይድ (ጂፒኤስ ከፍታን ከሚለካበት የምድር የሒሳብ ቅርጽ) አረጋግጥ። ሁለቱ በሜትሮች ስለሚለያዩ፣ ከተምታቱ መላው በረራህ ሳታውቀው ዝቅ ሊል ይችላል።

ባትሪ በቀየርክ ቁጥር ከዚያው ነጥብ ተነሥ። ድሮኑ ከፍታውን በአብዛኛው የሚያውቀው በአየር ግፊት ነው፤ ግፊቱ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል። እዚህ የአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ለውጥ 10 ሜትር ገደማ ያህላል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ድሮኑ ከፍ ያለ ስለሚመስለው ሳታውቀው ዝቅ ይላል፤ እንደገና ሲነሣ ግን ከፍታውን ከዜሮ ይጀምራል።

የመመለሻ ከፍታውንም አትርሳ፤ እሱም የሚቆጠረው ከመነሻው ነው። ድሮኑ ከተረተር ጀርባ ሳለ ሲግናል ቢጠፋ፣ ብዙዎቹ ድሮኖች መሬቱን ተከትለው ሳይሆን በቀጥታ መስመር ነው የሚመለሱት። ስለዚህ በመካከል ካለው ከሁሉ ከፍ ያለ ዛፍ ወይም ማማ አናት (ከመነሻው ተለክቶ) ላይ ቢያንስ 30 ሜትር ጨምርበት። የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዲህ ባሉ የከፍታ መረጃዎች ውስጥ በአብዛኛው አይታይም፤ የድሮኑ መሰናክል መለያም ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ማማዎቹን በእግርህ ሄደህ እያቸውና በካርታው ላይ ምልክት አድርግባቸው።