ከቀብዱ በፊት የጎረቤቱን በር አንኳኪ

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ባለቤቴ አስር ዓመት ያህል ቆጥበን፣ እህቴም ከዱባይ ጨምራልን፣ ኮልፌ አካባቢ አንድ ቤት አግኝተናል። 150 ካሬ ነው፣ ካርታ አለው፣ ዋጋውም ከሰፈሩ ዝቅ ይላል። ሻጩ ግን በጣም ይቸኩላል። «እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ ይዣለሁ» ብሎናል። ልቤን የከበደው ሌላ ነገር ነው። ቤቱን ለማየት ሁለት ጊዜ ስንሄድ የጎረቤት ሴትዮ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሻጩ ሰላም ሳይላቸው አለፈ፣ እሳቸውም ፊታቸውን አዞሩ። ባለቤቴ «ካርታው ንጹህ ከሆነ የሰው ጠብ ምን አገባን» ይለኛል። እንዴት ነው የማጣራው? ሻጩ ተቀይሞ ቤቱ እንዳያመልጠንም ፈራሁ።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ልጄ፣ ቅዳሜ ቀብድ እንዳትከፍዪ።

ያየሽው ቀላል ነገር አይደለም። ለቅሶ አብሮ የሚቀመጥ፣ ልጅ የሚጠብቅልሽ፣ ሌሊት ስትጮሂ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ሰላምታ ከተነፈገ ከጀርባው አንድ ነገር አለ። ትንሽም ትልቅም ሊሆን ይችላል። አንቺ ማወቅ ያለብሽ ጠቡ ከሰውየው ጋር ይሄዳል ወይስ ከቤቱ ጋር ይቀራል የሚለውን ነው። በእድር ስብሰባ ተሰዳድበው ከሆነ፣ በልጆች ወይም በብድር ተጣልተው ከሆነ፣ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ ጠቡም አብሮት ይወጣል። የወሰን፣ የመግቢያ መንገድ፣ የፍሳሽ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ጠብ ከሆነ ግን እዚያው ነው የሚጠብቅሽ።

ባለቤትሽ ስለ ካርታው ያለው ግማሹ እውነት ነው። ዕዳና ዕገዳ ስታጣሩ የምታገኙት ቤቱ ለባንክ መያዙን ወይም ፍርድ ቤት ዕግድ ማውጣቱን ነው። እሱን የግድ አጣሩ። ግን ክስ ተመሥርቶ ዕግድ ካልወጣ ፋይሉ ላይ ላይታይ ይችላል፤ በሽማግሌ የተያዘ ጉዳይማ ከየት ይመጣል?

ይህን የምልሽ ስላየሁት ነው። እኔና ባለቤቴ ቤት የገዛነው በጥር ወር ነበር። ግቢው ደረቅ፣ ካርታው ንጹህ፣ ሻጩም ጨዋ ሰው። ሐምሌ ሲገባ የጣሪያውና የግቢው ውሃ በሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ገባ። ለካ የቀድሞው ባለቤት ውሃውን በቱቦ አድርጎ ከታች ወዳሉት ጎረቤት ግቢ ሲለቅባቸው ኖሯል። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቶ፣ ሰውየው «አስተካክላለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷል፣ ከዚያ ቤቱን ለእኛ ሸጠልን። ሴትየዋ አዲስ ሰው መግባቱን ሲያዩ ቱቦውን በሲሚንቶ ደፈኑት። እውነታቸውን ነው፣ የእሳቸው ግድግዳ ነበር ሲበሰብስ የኖረው። ቦዩን በራሳችን ገንዘብ እስከ መንገዱ ድረስ አስቆፈርን፤ ከሴትየዋ ጋር ግን ደህና አደሩ ለመባባል ሁለት ዓመት ፈጀብን። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ልጆቻችን በአጥር ቀዳዳ እየተያዩ አብረው አይጫወቱም ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከመግዛታችን በፊት አንድ ቀን በራቸውን አንኳኩቼ ቢሆን ሁሉንም ይነግሩኝ ነበር።

ስለዚህ ሂጂ። ያለ ሻጩና ያለ ደላላው፣ እሁድ ከሰዓት ብቻሽን ወይም ከባለቤትሽ ጋር ሂጂ። «እማማ፣ ይህን ቤት ለመግዛት እያሰብን ነው፣ ጎረቤት ልንሆን ስለምንችል ሰላም ልልዎት መጣሁ» በያቸው። «ተጣልታችኋል ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ፣ ሰው በሩ ላይ ለማያውቀው ሰው ጠቡን አይዘረግፍም። በክረምት ውሃው በየት በኩል ነው የሚሄደው? አጥሩን ማን ነው ያሠራው? የሽንት ቤት መኪና ሲመጣ በማን በር ይገባል? መብራትና ውሃ ቆጣሪው የተለያየ ነው? እነዚህን ጠይቂ። የሚያጣላ ነገር ካለ ከእነዚህ መልሶች ውስጥ ራሱ ይወጣል። ክስ አለ ካሉሽ የመዝገብ ቁጥሩንና የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ጠይቂ። ቁጥሩን ከያዝሽ ጠበቃ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሊያይልሽ ይችላል።

የእሳቸውን ብቻ ሰምተሽ ደግሞ አትፍረጂ። ሻጩን ፊት ለፊት «ከጎረቤት ጋር የወሰን ወይም የፍሳሽ ጉዳይ አለ ወይ?» በዪው። ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ደህና ነው። «ማን ነገረሽ?» ብሎ ከጀመረ ግን አንድ ነገር ነግሮሻል። ሦስተኛ ሰውም ፈልጊ። የእድሩ ዳኛ ያውቃል፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ያውቃል፣ ግንባታ ነክ ክርክር ከሆነ ደግሞ የወረዳው ደንብ ማስከበር ሰዎች ሳይጠሩበት አይቀርም።

በዓይንሽም እዪ። ካርታውንና ሜትር ይዛችሁ አጥር ለአጥር ለኩ። ጎኑ ላይ 40 ሳንቲም ጎደለ ወይም ተረፈ ማለት አንድ ሰው ወደ አንዱ ገብቷል ማለት ነው። የይዞታ ማረጋገጥ የተሠራበት ሰፈር ከሆነ ወሰኑ ተለክቶ ተመዝግቧልና የተመዘገበውን ከመሬቱ ጋር አስተያዩ። ትኩስ የሆነ ግንብ፣ በቅርብ ወደ ጎረቤት ግቢ የተከፈተ መስኮት፣ የተደፈነ በር ካየሽ ቁሚ። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው፣ ይዞታዬ ተነካብኝ የሚል ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ያለበት ነው። ግንቡ አዲስ ከሆነ ጊዜው ገና ነው፤ ክርክሩ አንቺ ከገባሽ በኋላ ሊነሣ ይችላል። ከተቻለ ማታም ሂጂ፣ ዝናብ ሲዘንብም ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግቢው ውስጥ ወይም ከጀርባው የቀበሌ ቤት ካለ በጣም ተጠንቀቂ። በ1967 ዓ.ም ትርፍ ቤት ሲወረስ አንድ የነበረ ግቢ ብዙ ቦታ ለሁለትና ለሦስት ተከፍሏል። በር፣ ቧንቧና ሽንት ቤት በጋራ ቀርቷል። እነዚያ ሰዎች እዚያ ግቢ ውስጥ የኖሩት ከሻጩም በፊት ሊሆን ይችላል። የመተላለፊያ መብታቸው በማን ካርታ ውስጥ እንደሚያልፍ ሳታውቂ እንዳትፈርሚ።

ሻጩ ይቀየማል ብለሽ አትፍሪ። ቀብድ ከፍለሽ ሐሳብሽን ብትቀይሪ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብዱ ይቀርብሻል። የአስር ዓመት ቁጠባችሁን፣ የእህትሽንም ላብ አስቢው። ሁሉን አጣርተሽ ለመግዛት ከወሰንሽ ደግሞ ሻጩ የወሰን፣ የመንገድም ሆነ የፍሳሽ ክርክር እንደሌለበት፣ ከሽያጩ በፊት በነበረ ጉዳይ ሰው ቢመጣ ኃላፊነቱ የእሱ እንደሆነ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ሕጉም ቁጥር 2282 ላይ ሌላ ሰው በመብት መጥቶ ቤቱን በሙሉም ሆነ በከፊል ቢወስድብሽ ሻጩን ተጠያቂ ያደርገዋል። በግልጽ ቃል ሲጻፍ ግን ክርክሩ ያጥርልሻል። ከዚያ በውልና ማስረጃ ፈርሙ።

ጥያቄ

ጡረታ ወጥቻለሁ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልገዛ ነው። እዚያም የጎረቤት ጠብ ይጣራል እንዴ?

አቶ ት.፣ ከለቡ

መልስ

እንዴታ! ኮንዶሚኒየም ላይ እንዲያውም ጎረቤትዎ ከላይም ከታችም ነው። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱንና የኩሽናውን ጣሪያ ቀና ብለው ይዩ። ቢጫ ክብ ወይም አዲስ የተቀባ ቦታ ካለ ከአራተኛ ፎቅ ውሃ ይወርድ ይሆናል፣ ሁለቱ ቤቶችም ተጨቃጭቀውበት ይሆናል። ወጥተው የላይኛውን በር ያንኳኩ።

ከዚያ የሕንፃውን ኮሚቴ ያነጋግሩ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የሁሉም የጋራ ነው። ጠቡም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያው ነው። ምድር ቤት ያለው ሰው ግቢውን አጥሮ ሱቅ ሲያደርገው፣ አንዱ ደረጃው ሥር ከሰል ሲያከማች፣ ለበግ ማረጃና ለድግስ የተሠራው የጋራ ቤት ሲከራይ። ለጥበቃና ለጽዳት የሚዋጣው ገንዘብ በወር ስንት እንደሆነ፣ ሻጩም ውዝፍ እንዳለበት ይጠይቁ። ውዝፉን ሳይከፍል ከወጣ ኮሚቴው የሚያንኳኳው የእርስዎን በር ነው።

ጥያቄ

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አዲስ አበባ ቤት ልገዛ አስቤያለሁ። ደላላው ራሱ «ውክልና ስጠኝና ሁሉን እጨርስልሃለሁ» ይለኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

ሚ.

መልስ

አይሆንም ወንድሜ። ደላላው የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ነው፣ ስለዚህ የጎረቤቱን በር የሚያንኳኳበት ምክንያት የለውም። ውክልናውን ለዘመድ ስጥ፣ ቀብድ ለመክፈልም ሆነ ለመፈረም መጀመሪያ ያንተን እሺታ እንዲጠይቅ ተስማሙ። እናትህ አዲስ አበባ ካሉ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘው ወደ ጎረቤቶቹ ይሂዱ። ማታ ደውልላቸውና የሰሙትን ሁሉ ሳታቋርጥ አዳምጥ።