የሐመርስሚዝን ድልድይ ማን ያድሰው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለንደን የመጣሁት በቅርቡ ነው። ሥራዬ ባርንስ በሚባለው ሰፈር አንዲት አዛውንት መንከባከብ ነው። ሐመርስሚዝ ጣቢያ ከባቡር እወርድና ድልድዩን በእግሬ እሻገራለሁ፤ ቢዘንብም ቢነፍስም አውቶቡስ ስለማይሻገር ሌላ ምርጫ የለኝም። እናትየዋ «ድሮ እኮ 209 ቁጥር እስከ ጣቢያው ያደርሰኝ ነበር» እያሉ ያማርራሉ። እንዲህ ያለ ሀብታም አገር አንድ ድልድይ መጠገን እንዴት ያቅተዋል? እኛ ባሕር ዳር ላይ ከአሮጌው አጠገብ አዲስ ሠርተን የለም እንዴ? ደግሞስ በየቀኑ ስመላለስበት አያሰጋኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ ከስጋቱ ልጀምር። አያሰጋሽም፤ ተሻገሪ። የሚያሰጋ በነበረበት ጊዜ ለእግረኛም ዘግተውት ነበር። መኪና የታገደው በሚያዝያ 2019 ነው (የለንደኑን ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በነሐሴ 2020 ብርቱ ሙቀት መጣና የብረቱ ስንጥቆች ሰፉ። ያኔ እግረኛውም፣ ብስክሌተኛውም፣ በሥሩ የሚያልፈው ጀልባ እንኳ ተከለከለ። በሐምሌ 2021 ለእግርና ለብስክሌት የተከፈተው ተመርምሮ ነው። ለንደን 40 ዲግሪ በደረሰችበት በ2022 በጋም ድልድዩን አንጠልጥለው የያዙት ሰንሰለቶች ሙቀት እንዳይጎዳቸው በሚያብረቀርቅ ፎይል ጠቅልለዋቸው ነበር። እኔ ዕድሜዬን ድልድይ ሥር እየገባሁ ስንጥቅ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ የሚጠበቅ ድልድይ ማንም ዞር ብሎ ከማያየው ጤነኛ ከሚመስል ድልድይ ይልቅ ይታመናል።

በሽታው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «አርጅቶ ነው» ይላል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ተንጠልጣይ ድልድይ ሙቀትና ጭነት በተለዋወጠ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ሰንሰለቱ በማማው አናት ላይ የሚያርፍበት መቀመጫ ሮለር (የሚንከባለል ብረት) አለው፤ ሰንሰለቱ ሲሳብና ሲላላ ወዲያና ወዲህ እንዲል ነው። የሐመርስሚዙ ሮለር በዝገት ድርቅ ብሎ ተጣበቀ። ሰንሰለቱ የሚንቀሳቀስበት ሲያጣ ጉልበቱ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ሄደ፤ በድልድዩ ጫፎች ሰንሰለቱን ወደ መሬት የሚመልሱት መቀመጫዎች ደግሞ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ናቸው። ይህ ብረት እንደ ሸክላ ምጣድ ነው፤ ከላይ የሚጫነውን ይችላል፣ ሲለጠጥ ግን ሳይጎብጥና ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥፋተኛው ዕድሜ ሳይሆን ለዓመታት ማንም ያላገላበጠው ዝገት ነው።

ታሪኩን ብታውቂ መንገዱ ያጥርልሻል። እዚያው ቦታ በ1827 የተከፈተው የመጀመሪያው ድልድይ በቴምዝ ወንዝ ላይ ከተዘረጉት ተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ ቀዳሚው ነበር፤ መሐንዲሱ ዊልያም ቲየርኒ ክላርክ ይባላል። ለመሻገር ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ የቀረው በ1880 ነው። በ1870 የጀልባ ውድድር ለማየት ከ11,000 በላይ ሰው በላዩ ላይ ቢታጨቅ ባለሥልጣኖቹ ደነገጡ። አሁን የምትሻገሪውን በ1887 የሠራው ጆሴፍ ባዛልጌት ነው፤ ለንደንን ከቴምዝ ግማት የገላገላትን የፍሳሽ መስመር የዘረጋው ያው ሰው። አዲሱን በአሮጌው መሠረት ላይ አቆመው። በፈረስ ጋሪ ዘመን የታሰበ ድልድይ ሳይዘጋ በፊት በቀን ወደ 22,000 መኪና ያሳልፍ ነበር።

ቦምብም ችሏል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። በ1939 ሞሪስ ቻይልድስ የሚባል የሴቶች ፀጉር ሠሪ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚጨስ ሻንጣ አየና አንሥቶ ወንዙ ውስጥ ወረወረው፤ ሻንጣው ውኃው ውስጥ ፈነዳ። በ1996 የተጠመደው ሳይፈነዳ ቀረ። የ2000ው ግን ፈንድቶ ድልድዩን ለረጅም ጊዜ አዘጋው።

«ሀብታም አገር» ላልሽው፦ ገንዘቡ አለ፣ ከፋዩ ግን አልተለየም። የድልድዩ ባለቤት የሐመርስሚዝና ፉልሃም ወረዳ ምክር ቤት ነው። ሙሉ እድሳቱ እስከ 250 ሚሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ ተገምቷል፤ ይህ ለአንድ ወረዳ የሚቻል አይደለም። ወረዳው፣ የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና ማዕከላዊው መንግሥት ሢሶ ሢሶ እንዲያዋጡ ስምምነት ነበረ። ወረዳው ደግሞ ድርሻውን ከመኪኖች በሚሰበሰብ የመሻገሪያ ክፍያ አገኛለሁ ብሎ አሰበ፤ በ1880 የቀረው ቀረጥ ሊመለስ ማለት ነው! እስካሁን የተሠራው ድልድዩን የማጽናት ሥራ እንጂ ሙሉ እድሳቱ አይደለም።

የባሕር ዳሩን ማንሣትሽ ደስ ብሎኛል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ለእንዲህ ያለ ስፋት ቦታ ነበረ። የሐመርስሚዙ ጠቅላላ ስፋት 13 ሜትር ያህል ነው፤ መቃረቢያው ግራና ቀኝ በቤት የታጠረ ነው፤ ድልድዩም በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ስለሆነ አፍርሶ መገላገል አይቻልም። የታዋቂው አርክቴክት የኖርማን ፎስተር ድርጅት ከሌሎች መሐንዲሶች ጋር ሆኖ አንድ ብልሃት አቅርቦ ነበር፦ በድልድዩ ላይ ጊዜያዊ ባለ ሁለት ፎቅ መተላለፊያ መዘርጋትና አሮጌውን ብረት እየፈቱ በጀልባ ወስዶ ማደስ። እኔ በጣም ወድጄው ነበር፤ ከወረቀት ግን አልወጣም።

ወደፊት ምን ይሁን ካልሽኝ፣ የሃንጋሪን ዋና ከተማ ቡዳፔስትን እዪ። የዚያ ከተማ የሰንሰለት ድልድይ የተነደፈው በዚያው በቲየርኒ ክላርክ ነው፤ በጦርነት ፈርሶ በ1949 ዳግም ተሠርቷል። በቅርቡ ታድሶ ሲያበቃ ለግል መኪና አልተመለሰም፤ አውቶቡስ፣ ታክሲና ብስክሌት ግን ያልፉበታል። ለሐመርስሚዝም የምመኘው ይህንኑ ነው። መኪና ያለው በፑትኒ ወይም በቺዝዊክ ድልድይ ዞሮ ይሄዳል፤ ቢዘገይ ቢበሳጭ ነው። አውቶቡሱ የቀረባቸው ግን እንደ አሠሪሽ ያሉ ጉልበት የከዳቸው አዛውንቶችና እንዳንቺ ጎህ ሲቀድ ለሥራ የሚወጡ ናቸው። እድሳቱ ለእነሱ የማይመልሰው ከሆነ 250 ሚሊዮን ፓውንድ ለማን ሊወጣ ነው?