ወርቅ የመሰለው ሃምሳ ሳንቲም

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ አዘጋጆች? ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ የምሸጥ ልጅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ደንበኛ ከሰጠኝ ዝርዝር ውስጥ ቢጫ ሃምሳ ሳንቲም አገኘሁ፤ ቁርጥ ወርቅ ነው የሚመስለው። በላዩ ፲፱፻፷፱ ይላል። አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ «ሲመታ ተሳስተው ያወጡት ነው፣ ውጭ አገር በዶላር ይሸጣል፣ 2,000 ብር ላክልኝና ላስመርምርልህ» አለኝ። ወርቅ ቤት አስመዘንኩት፣ 6 ግራም ሆነ። ስፋቱም ከሌላው ሃምሳ ሳንቲም እኩል ነው። ብሩን ልላክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትልክ! ሳታውቀው ግማሹን ምርመራ በነፃ ጨርሰሃል።

የ1969ኙ ሃምሳ ሳንቲም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ 6 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ቢጫው ደግሞ ኒያላ ያለበት አሥር ሳንቲም ነው። እሱ ነሐስ ነው፣ 4.5 ግራም፣ 23 ሚሊ ሜትር። አሁን አስበው፦ የሃምሳው መምቻ ውስጥ በስህተት የአሥር ሳንቲሙ ባዶ ጠፍጣፋ ቢገባ በእርግጥም ቢጫ ሃምሳ ሳንቲም ይወጣ ነበር፣ ግን ክብደቱ 4.5 ግራም ላይ ይቀራል፣ ጠፍጣፋው ስለሚያንስም ዳር ዳሩ ያለው ጽሑፍ ሙሉ አይወጣም። ያንተው 6 ግራም ሞልቷል፣ ስፋቱም ሙሉ ነው። ስለዚህ ሲወጣ ነጭ ነበር። ቢጫውን ውጭ የቀባው ሰው አለ፤ ለአንገት ጌጥ ብሎም ሊሆን ይችላል።

አሁንም ልብህ ካላረፈ የሞባይልህን መብራት አብራና አንበሳውን ጠጋ ብለህ እይ። ጭረት ፈልግ። የአሥር ሳንቲሙ ነሐስ አለመሆኑን ሚዛኑ ስላሳየን፣ ጭረቱ ውስጥ፣ ከሥሩ ድረስ፣ ቢጫ ከሆነ ሳንቲሙ መጀመሪያ ሰው ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲጋጭ ኖሯል፣ ቅቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። ሳንቲም የሚመታበት ቤት ያረጀ ሳንቲም መልሶ አይቀባም! እኔ አንዴ እጄ የገባው እንዲህ ዓይነት ሳንቲም የአንበሳው አፍንጫ ጫፍ ላይ ነጣ ብሎ ነበር፣ ጋማው መሃል ግን ቢጫው እንዳለ ተቀምጧል። ወርቅ ቅብ ቀለበት ሲለበስ ውሎ ሲያድር ጠርዙ እንደሚነጣው ማለት ነው። ፊደሎቹንም እይ፤ ቅብ ወፈር ሲል የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዘዋል፣ ቅቤ የተቀባ ያስመስለዋል።

ጎረቤት «ማግኔት አስጠጋው» ይልህ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ አይረዳህም። የ1969ኙን ሃምሳም ሆነ ነሐሱን አሥር ሳንቲም ማግኔት አይስባቸውም፤ በኋላ የወጡት ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ይሳባሉ። ማግኔት የሚያዋጣበት ቦታ ግን አለ። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1943 መዳብ ለጦርነቱ ሲፈለግ አንድ ሳንቲማቸውን በዚንክ ከተለበጠ ብረት መቱት። ጥቂቱ ግን በስህተት መዳብ ላይ ተመታና ዛሬ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ታዲያ አጭበርባሪ የብረቱን ሳንቲም በመዳብ ይቀባና «ያ ነው» ይላል። ማግኔት ሲጠጋው ልጥፍ ይላል። ሚዛንም ያጋልጠዋል፤ ብረቱ 2.7 ግራም ነው፣ እውነተኛው መዳብ 3.1 ገደማ።

ሳንቲምህን አሲድ ውስጥ አትክተት፣ በምስማርም አትፋቀው። ያ ሰውዬ ደግሞ ደግሞ ከደወለ «ስንት ግራም መሆን ነበረበት?» ብለህ ጠይቀው፤ የሚመልስልህ ነገር ካለው ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ዘጌ ነኝ። እናቴ ያወረሰችኝ ማርትሬዛ፣ ያ የድሮው የብር ገንዘብ፣ አለኝ። ንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ ቀይ ነገር ብቅ ብሏል። እሱም የማተሚያ ስህተት ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ደስ የሚል መልስ ብሰጥዎት በወደድኩ። ማርትሬዛ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ሆኖ አብሮ የቀለጠ ነው። እስከ ልቡ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቢፋቅም ከሥሩ ቀይ አያወጣም። ጉንጩ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ቶሎ የሚታሸውም እሱ ነው። ብር ቅብ መዳብ ይመስለኛል። ማንጠልጠያ ተበይዶለት ቀዩ ብየዳው ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብየዳው ነው እል ነበር።

1780 የሚለውን አይመኑት፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ነው የያዘው። ያስመዝኑት። ማንጠልጠያ ከሌለው 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ጠርዙ ላይም ዙሪያውን ከፍ ከፍ ያለ የላቲን ጽሑፍ ይፈልጉ። ወርቅ ቤት ሲሄዱ በሞረድ እንዳይነኩብዎት አስቀድመው ይንገሯቸው።