መልስ፦ አያቴን ፎቶ ሳነሳ ለምን ድርቅ ይሉብኛል?

ሰላም ወንድሜ። አያትህን በስልክ ስታነሳቸው ፊታቸው ጠፍጣፋ፣ አቀማመጣቸውም ድርቅ ያለ ይሆንብኛል ብለሃል።

መጀመሪያ አምፖሉን አጥፋና መስኮት አጠገብ አስቀምጣቸው። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ፊት ቅርጽ የሚያገኘው ከጥላው ነው። ጥላው ከከበደ በጨለመው ወገን ነጭ ካርቶን ያዝ፣ ብርሃኑን ይመልስልሃል። ነጭ ከለበሱ ግን ካሜራው በነጩ ተታሎ ፊታቸውን ያጠቁረዋል፤ ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ነካ አድርገህ ብርሃኑን ከፍ አድርግ። በጣም አትጠጋ፣ አፍንጫ ይገዝፋል። 2 ሜትር ያህል ራቅ ብለህ በ2 እጥፍ ዙም አንሳ።

ድርቀቱ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከእጅ ነው። «ዝም ብለው ይቀመጡ» የተባለ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ጥጥ ይፍተሉ፣ ቡና ይልቀሙ፤ አንተ እያጫወትካቸው ጠብቅ። ፈገግ ይበሉ አትበላቸው! ሳቃቸው ሊበርድ ሲል ያለችው ቅጽበት ከሳቁ ራሱ ትበልጣለች።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኧርቪንግ ፔን በ1948 እ.ኤ.አ. ታዋቂ ሰዎችን ሁለት ግድግዳ በሚገጥምበት ጠባብ ጥግ አስገብቶ ያነሳ ነበር። አንዱ ግድግዳውን ይደገፋል፣ ሌላው ይገፋዋል፤ ጠባዩ በአቋሙ ይታያል። የሳሎናችሁን ጥግ ሞክረውና ውጤቱን እዚሁ ለጥፍልን።